ጃፓናዊው አባት የሰጠን ቀጠሮ

ከናይሮቢ ከተመለስኩ ወር ሊሞላኝ ነው። የሰፈራችን ሰው በየተራ እየመጣ "እህ፣ ኬንያ እንዴት ነበረች?" ይለኛል፤ እኔም ለእያንዳንዱ ከአውቶቡስ ተራ ጀምሬ ስተርክ ጉሮሮዬ ደረቀ። ባለቤቴ ብርቄ ደግሞ ወሬውን በቃሏ ስለያዘችው እኔ ሳልጨርስ እሷ ትጨርስብኛለች። በመጨረሻ "ጻፈውና እየተቀባበሉ ያንብቡት፣ እኛም እንረፍ" አለችኝ። እነሆ ጻፍኩት።

ለማያውቀኝ አንባቢ ተፈራ እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት ያህል ጉለሌ አንድ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በሕይወቴ በሁለት ነገር እመካ ነበር። አንደኛ፣ ቀጠሮ አርፍጄ አላውቅም፤ የአበሻ ቀጠሮ የሚባለውን ነገር ከትምህርት ቤቴ በር ላይ በአለንጋ ያባረርኩ ሰው ነኝ። ሁለተኛ፣ ሽማግሌ ሆኜ ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ጊዜ የለም። እነዚህ ሁለት መመኪያዎቼ ናይሮቢ ላይ ጉድ ሠሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሟቹ ወንድሜ ልጅ ያሬድ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያደገው ናይሮቢ ነው። እናቱም አባቱም አልፈዋል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ዌስትላንድስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ሚሌኒየሙ ሊገባ ዓመት በቀረው በዚህ መስከረም ደወለና ዩኮ የምትባል ጃፓናዊት እንደወደደ ነገረኝ። አባቷ ሚስተር ሞሪታ የውሃ መሐንዲስ ነው፤ ፓርክላንድስ ይኖራል። ሚስቱ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ከዚህች ልጅ በቀር ማንም የለውም። "ጋሼ፣ እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ሆነህ ጠይቅልኝ" አለኝ። ቀጠሮውም ተይዟል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ፣ ጠዋት አራት ሰዓት። ኬንያ ያደገ ልጅ ወግ ይጠብቅልኛል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ሰኞ

አውሮፕላን እፈራለሁ፤ በአውቶቡስ ተነሳሁ። መነሻው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ተብሎ እኔ አሥር ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ሹፌሩ አንድ ሰዓት ላይ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ መጣ። ተቆጣሁ፤ "አባት፣ መንገዱ የትም አይሄድም" ብሎኝ ወደ መሪው ወጣ።

አጠገቤ የተቀመጡት የሞያሌ ነጋዴ ወይዘሮ ዘሃራ የት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ሞኝነቴ፣ ነገርኳቸው። ሻሸመኔ ሳንደርስ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ወንበር ድረስ አንድ ሽማግሌ ለጃፓን ልጅ ጥየቃ እየሄደ መሆኑን ያልሰማ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ጉዞው ስብሰባ ሆነ። አንዱ "ሰውየው ካራቴ ያውቃል ወይ? አስቀድሞ ይጣራ" ይላል። ሌላው ጥሎሹ በየን ይሁን በዶላር ይሁን እያለ ይጨነቃል። ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ ጃፓኖች ጥሬ ዓሣ እንደሚበሉ ሊያስጠነቅቀኝ መጣ። ዲላ ስናድር የዚያ አውቶቡስ ሰው ሁሉ አንድ ገበታ ከቦ ቆጮ በክትፎ በላን፤ የእኔን ድርሻ አላስከፈሉኝም። "የሙሽራው ወገን ነህ" አሉኝ።

ማክሰኞ

ከዲላ ሞያሌ ቀኑን ሙሉ ነው። ያቤሎን ካለፍን በኋላ መሬቱ ቀይ፣ ኩይሳው ከሰው በላይ ሆነ። ሞያሌ አመሻሽ ላይ ደረስን። ድንበሩን በእግሬ ተሻገርኩ፤ ወይዘሮ ዘሃራ ሻንጣዬን በልጃቸው አሸክመው የኬንያው ኬላ ድረስ ሸኙኝ። እዚያ ማዶ መኪናው ሁሉ በግራ በኩል ይሄዳል። እንደለመድኩት ወደ ግራ አይቼ ልሻገር ስል አንድ ሞተር ሳይክል ከማላውቀው አቅጣጫ መጥቶ ኮቴን ነካክቶኝ አለፈ። ያደርኩባት ሆቴል ግድግዳዋ ቆርቆሮ ቢሆንም ቻፓቲ የሚሉት ቂጣዋ ትኩስ ነበር፤ ሻይዋ ግማሹ ወተት ነው።

አንድ ነገር ግን ልቤን አሞቀው። ስዋሂሊ ተናጋሪው ሁሉ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። የእነሱ አራት ሰዓት የእኛ አራት ሰዓት ነው። ስድስት መደመር የለ፣ ስድስት መቀነስ የለ። አገር ተሻግሬ ሰዓቴ ሳይሻገር ስለቀረ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ረቡዕና ሐሙስ

እነዚህን ሁለት ቀናት አንድ ላይ የምጽፋቸው አንድ ላይ ስለተፈጩብኝ ነው። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው መንገድ ኮረት ነው። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ፖሊሶች ከፊት ተቀምጠው አጀቡን። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ጎማችን ሦስት ጊዜ ፈነዳ። በየጊዜው ረዳቱን መቼ እንደምንነሳ ስጠይቀው "ሳሳ ሂቪ" ይለኛል፤ አሁኑኑ ማለት ነው። አሁኑኑ ያለው የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ፈጀ። እኛ አገር "መጣሁ፣ ጥግ ላይ ነኝ" የሚል ሰው ገና ካልሲውን እየፈለገ እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም ያው ነው አልኩና በባዕድ አገር ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ማርሳቢት አደርን፤ ውሃ አልነበረም። የሆቴሉ ባለቤት ለፊቴ መታጠቢያ ከራሷ የመጠጥ ጀሪካን በኩባያ ቀድታ ሰጠችኝ።

ሐሙስ ኢሲዮሎ ላይ አስፋልት ስንገባ መንገደኛው በሙሉ አጨበጨበ። ናይሮቢ የገባነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ያሬድ ሲያየኝ ሮጦ መጣና ከአቧራው ጋር አቀፈኝ። ቁመቱ ወንድሜን ሆኗል።

ዓርብ

ያደርኩት አቶ መንገሻ ቤት ነው። አቶ መንገሻ ዌስትላንድስ ውስጥ የአበሻ ምግብ ቤት ያለው፣ ሆዱም ሳቁም ትልቅ የሆነ ሰው ነው። ሁለተኛው ሽማግሌ እሱ ነው። ሦስተኛው የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ጴንጤው አቶ ዳንኤል ነው። ዓርብ በመሆኑ እኔና መንገሻ ሽሯችንን ስንበላ ዳንኤል ጥብሱን ፊታችን አስቀርቦ "ወንድሞቼ፣ ሽታው ይጾማል እንዴ?" እያለ ያሾፍብን ነበር።

ከምሳ በኋላ ያሬድ ዩኮን ይዟት መጣ። ወጉ ባይፈቅድም ማየት ፈልጌ ነበርና አልተቆጣሁም። ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ ናት፤ "ጤና ይስጥልኝ" ስትል ከያሬድ የተሻለ አማርኛ ያላት ይመስላል። ስለ አባቷ ጠየቅኳት። በአገራቸው የድሮ አቆጣጠር ዓመቱ በየአምስት ቀኑ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ አምስት ቀንም የራሱ ስም አለው አለችኝ። በረዶው የሚቀልጥበት፣ አንዲት ወፍ መዘመር የምትጀምርበት፣ እንዲህ እንዲህ። ናይሮቢ በረዶ ስለሌለ አባቷ ለዚህ አገር የሚሆን የራሱን ስም እያወጣ በደብተር ይጽፋል። እኔ በልቤ፣ እኛ ለአምስት ቀን ስም የሰጠነው በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም ጳጉሜን ነው አልኩ። ይኸ ሰውዬ ዓመቱን ሙሉ በጳጉሜን የሚኖር ነው።

ያሬድ ሲወጣ እጄን ይዞ ለመነኝ። "ጋሼ ፕሊዝ፣ ስለ ታይም እሱ ሲሪየስ ነው" አለኝ። እኔን ስለ ሰዓት የሚመክረኝ ልጅ ገና አልተወለደም አልኩት።

ቅዳሜ

ሦስታችንም ነጭ በነጭ ለብሰን፣ ነጠላችንን አጣፍተን በመንገሻ መኪና ሄድን። የዌስትላንድስን የመኪና ጭንቅንቅ ፈርቼ በጊዜ ስላስነሳኋቸው ፓርክላንድስ የደረስነው አርባ አምስት ደቂቃ ቀደም ብለን ነው። ኮርቼ ለያሬድ ደወልኩለት። ያሬድ ጮኸ። ቀድሞ መግባት የባለቤቱን ጊዜ መስረቅ ነው፣ እንዳትነኩት፣ በሩን እንዳትነኩት አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀድሞ መምጣትን ሳወድስ የኖርኩት ሰውዬ ሌባ ሆኜ አረፍኩት!

እናም መንገዱ ጥግ መኪና ውስጥ ተቀመጥን። ነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ሞተር አጥፍተው የሰው ግቢ ሲያዩ ያልወደደው የጎረቤት ዘበኛ መጣና መስኮቱን በዱላው ቆረቆረ። መንገሻ በስዋሂሊ ልጅ ልንጠይቅ እንደመጣን ነገረው። ዘበኛው ሳቀና ስንት ላም እንዳመጣን ጠየቀ። አንድም ስላላመጣን አዘነልን፤ እንደማይሳካልን ነግሮን ወደ በሩ ተመለሰ።

ልክ አራት ሰዓት ሲሆን እጄን ወደ ደወሉ ሰደድኩ። ሳልነካው በሩ ተከፈተ። ሚስተር ሞሪታ ከበሩ ኋላ ቆሞ ሰዓቱን ያይ ኖሯል። አጭር፣ ሽበታም፣ ሸሚዙ ስለት ያለው የሚመስል ሰው ነው። በጥቅምት የናይሮቢ ጃካራንዳ ሐምራዊ አበባውን ያራግፋል፤ ግቢው በሙሉ ተነጥፎበታል። አልጠረገውም። ከአበባው መሃል የምንረግጥበትን ብቻ ጠባብ መንገድ አውጥቶልናል።

ሳሎኑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ግድግዳው ላይ አንድ የጽሑፍ ጥቅል ተሰቅሏል፤ ከሥሩ አንዲት የጃካራንዳ ቅርንጫፍ በሸክላ ቆማለች። ምንጣፉ ላይ ሦስት ትራስ፣ ሦስት ሲኒ አረንጓዴ ሻይ። ተቀመጡ አለን። እንግዲህ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ እሺ ሳይባል እህል ውሃ አይቀምስም። ቆመን እንናገራለን አልን። እንግዳ ቆሞ እሱ ሊቀመጥ ስለማይችል እሱም ቆመ። አራት ሰዎች ሦስት ትራስ ከበን እንደ ችካል ቀረን። ዓይኑ እየቀዘቀዘ ወዳለው ሻይ ይሄዳል፤ ቆይቼ እንደሰማሁት ሻዩ ከተቀዳ በኋላ የሚጠጣበት ደቂቃ ነበረው።

እኔ ንግግሬን ጀመርኩ። የያሬድን ሰባት ቤት ቆጠርኩ፣ የወንድሜን ደግነት አነሳሁ፤ መንገሻ ወደ ስዋሂሊ ያዞረዋል፣ ሚስተር ሞሪታ ስዋሂሊ እንደ ውሃ ይጠጣል። ስጨርስ ዓይኑን ጨፈነ። ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ከበደኝና የያሬድን ትምህርት ጨመርኩ። ዓይኑን ገለጠ፣ አፉን ሊከፍት ሲል እኔ ስናገር መልሶ ጨፈነ። ዝም ሲል ዳንኤል ያሬድ እንደማይጠጣ መሰከረ። ዝም ሲል መንገሻ የራሱን ሠርግ ተረከ። ዝም አይነቅዝም የሚል ሕዝብ ልጆች ሆነን ሦስታችንም አፋችንን መግጠም አቃተን።

በመጨረሻ ትንፋሽ ስናጣ ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰና "ንዲዮ" አለ። እሺ ማለት ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ አለ።

ተያየን። በሽምግልና ሕይወቴ በመጀመሪያው ቀን እሺ የተባልኩበት ጊዜ የለም! የልጅ አባት ተመካክረን እንንገራችሁ ይላል፣ አጎት ጎጃም አለ ይላል፣ ሽማግሌውም ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ወጉ ይኸ ነው። በአንድ ጊዜ የተሰጠች ልጅ የተጣለች ትመስላለች። ለልጅቱ ክብር ብዬ፣ አፌ ከልማዱ፣ "ኧረ ግድ የለም፣ አይቸኩሉ። ይማከሩበት፣ ያስቡበትና ሌላ ቀጠሮ ይስጡን" አልኩ። መንገሻ አንድ ቃል ሳያጎድል ተረጎመው።

የሰውየው ፊት እንደ ተዘጋ መስኮት ሆነ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳን፤ ከኪሱ ማስታወሻ አወጣና ጻፈ። ቀጠሮው ለነገ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። እኛም በየተራ እጅ እየነሳን ተሰናብተን ወጣን። መኪናችን እስኪታጠፍ ድረስ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር።

እኛ ግን በደስታ ሰክረናል። መንገሻ መሪውን እየደበደበ "ወጉን አስጠበቅከው ጋሽ ተፈራ!" ይለኛል። ዳንኤል ይዘምራል። ሃያዋ ደቂቃ ለምን እንደምትሆን ስንከራከር ምግብ ቤቱ ደረስን። እዚያ ያሬድ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ዩኮ ደውላ ነው። አባቷ የግድግዳውን ጽሑፍ ጠቅልሎ፣ አበባዋን አንስቶ፣ ሻዩን ደፍቶ ጨርሷል። ያንን ጽሑፍና ያንን ቅርንጫፍ ለዚያች አንድ ጠዋት ብቻ መርጦ ሦስት ሳምንት ሲዘጋጅ ኖሯል። በእነሱ ዘንድ አንድ ስብሰባ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያው ሰዎች ነገ ቢገናኙ ሌላ ስብሰባ ነው። ልጁንም የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የያሬድ ወገኖች ስለ አንቺ ጥርጣሬ አላቸው ወይ?

"ጋሼ" አለኝ ያሬድ፣ "እሺ ብሎህ አንተ አስብበት አልከው?"

ሰው አብልቼ፣ አስታርቄ፣ አጋብቼ የኖርኩት ሰውዬ የገዛ ወንድሜን ልጅ ትዳር በአንድ ትህትና አፈረስኩት። የዚያን ቀን ምግብ አልበላሁም፤ መንገሻ እንኳ አላስገደደኝም።

እሑድ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለማርያም ተሳልኩ፤ አፌን ከዘጋችልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ። ያሬድ ብቻዬን እንድሄድና ጥቂት እንድናገር ለመነኝ። ትናንት በአማርኛ የተናገርኩት ለወጉ ስል ነው እንጂ፣ እንግሊዝኛ ሁለታችንም ስለምናውቅ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ሚስተር ሞሪታ በሩን ከፈተ። ሳሎኑ ሌላ ቤት መሰለኝ። ግድግዳው ባዶ ነው፤ ሸክላው ውስጥ ምንም የለም። አንድ ትራስ አለ፤ ተቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ ወግ አላነሳሁም። ስቀመጥ ፀሐይዋ ከፊቴ ላይ ተነስታ ከጎረቤት ዛፍ ኋላ ገባች፤ ሃያዋ ደቂቃ ለዚህ መሆኗን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ፀሐይ ዓይኔን እንዳትወጋኝ ተሰልታ ነው። አንጀቴን በላኝ።

ሻዩን በሰዓቱ ጠጣሁ። ከዚያ ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ጉልበቴ ይጮኻል፣ አፌ ይበላኛል፤ ስለ አየር ጠባይ እንኳ አንዲት ቃል ልጣል ብዬ ስንት ጊዜ ጃንጥላዋን እያሰብኩ መለስኳት። ለእንደኔ ያለ ሰው ይኸ ከኮረቱ መንገድ ይብሳል። ብዙ ቆየን። ከዚያ ሚስተር ሞሪታ አንድ ደብተር ከአጠገቡ አነሳ።

"ትናንት አስብበት አሉኝ" አለ። "ሌሊቱን አሰብኩበት። ማሰብ አልነበረብኝም።"

ደብተሩን ገልጦ የአምስት አምስት ቀኑን ስሞች እያነበበ በእንግሊዝኛ ነገረኝ። ጭልፊቶች የሰው ምሳ የሚነጥቁበት። ጃካራንዳ የሚጀምርበት። ዩኮ ሻንጣዋን ረስታ ሁለቴ የተመለሰችበት። ረጅሙ ዝናብ የሚያቆምበት። ዩኮ ብስክሌት የለመደችበት። ዩኮ ፀጉሯን የተቆረጠችበት። ስምንት ዓመት ሙሉ ስም ሲያወጣ ኖሮ ግማሹ እሷ ናት። እሷ ከወጣች በኋላ ለቀኖቹ ምን ስም እንደሚሰጣቸው ሲያስብ ነጋ። ቅዳሜ ጠዋት ስለዚህ አላሰበም ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ እሺ ብሎ ሊያልፈው ነበር።

"እርስዎ ጊዜ ሰጡኝ" አለኝ። "አሁን እሺ ማለት አልቻልኩም።"

እንባዬ መጣ። ደብቄ ምን ላደርገው! ዝም ልል ተስዬ ነበር፤ ግን ይኸኛው ዝም የሚባልበት አልነበረም። ሁለት ሴት ልጆች እንደዳርኩ ነገርኩት። ለታላቋ ሽማግሌ ሲመጣ አጎቷ አገር ውስጥ የሉም ብዬ መለስኩ፤ አጎቷ ጓዳ ተቀምጠው ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ሥራ በዝቶብናል አልኩ። በሦስተኛው እሺ አልኩ።

"ምን እያሰቡ ነበር?" አለኝ።

"ምንም አላሰብኩም። በልቤ ከመጀመሪያው ቀን ሰጥቻታለሁ።"

"ታዲያ ለምን መለሷቸው?"

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ለብርቄም ነግሬያት አላውቅም።

"ሦስት ሳምንት እንድትቆይልኝ" አልኩት።

ሚስተር ሞሪታ ደብተሩን ዘጋ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ልነሳ ስል እየሳቀ ነው። እኔም ሳቅኩ። ሁለት ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ ተንበርክከን፣ ዓይናችን እንባ እንዳዘለ፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ዩኮ ደንግጣ ከጓዳ ብቅ ብላ አይታን ተመለሰች።

ሲረጋጋ ማስታወሻውን አወጣ። "ሁለት ጊዜ መጥታችኋል። ሦስተኛው መቼ ነው?" አለኝ። እርስዎ ባሉት ቀን አልኩት። ቅዳሜ አራት ሰዓት ብሎ ጻፈ። ብዕሩን ሊከድን ሲል ተወውና አንድ ነገር ጨመረ።

"እባካችሁ አርፍዱ" አለ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ

የሰኞ አውቶቡሴ ያለ እኔ ሄደ። ብርቄን በስልክ ሳስረዳት "አንተ ነህ አርፍዱ የተባልከው?" ብላ ሳቋ የካርዱን ገንዘብ ጨረሰብኝ። በዚያ ሳምንት ያሬድ ከተማውን አሳየኝ። ጊጊሪ ወስዶኝ የኤምባሲ መኪናዎች በየአጥሩ ሥር ተሰልፈው አየሁ፤ ጥሩ ነው፣ ግን የሚታወሰኝ ማታቱ ነው። ማታቱ የእኛ ሚኒባስ ሲሆን ሙዚቃው ደረትን ይመታል። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ እየተንጠለጠለ "ምዜ፣ ምዜ" እያለ እጄን ስቦ አስገባኝ፤ ምዜ ለሽማግሌ የሚሰጥ የክብር ስም ነው። አንዱ ወጣት ተነስቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ካየሁ ቆየሁ።

ያሬድ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከሲታ ሆኖ ከረመ። እሺ ተብሏል ወይስ አልተባለም ይለኛል፤ እኔም አላውቅም። እውነቱን ነው የነገርኩት፤ አርፍዱ አለ እንጂ እሺ አላለም።

ቅዳሜ

ልማድ ክፉ ነው፤ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ፓርክላንድስ ጥጓ ላይ ቆመናል። ሦስታችንም እንደገና ነጭ በነጭ ነን።

ከመኪናው ውስጥ በአጥሩ ክፍተት የቤቱ በረንዳ ይታያል። ሚስተር ሞሪታና ዩኮ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሻይ ይጠጣሉ፤ አይነጋገሩም። አራት ሰዓት ሲሆን ሰዓቱን አየና ወደ በሩ ቀና አለ። እኛ ትንፋሻችንን ዋጥን። ከዚያ ሰዓቱን ከእጁ ፈታና ኪሱ ከተተው።

ሆን ብዬ ሳረፍድ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። አምስት ሰዓት ሲሆን ዳንኤል ይብቃ አለ፤ ከለከልኩት። አምስት ተኩል ላይ መንገሻ ራበው፤ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዝተን በልተን ፍርፋሪውን ከነጠላችን ላይ አራገፍን። ግቢው ውስጥ ዩኮ ተነስታ የወደቀውን አበባ በእፍኟ ሰብስባ አባቷ ራስ ላይ በተነችው። አላራገፈውም። እንደዚያው ተቀምጦ ማውራት ጀመረ፤ ምን እንዳወራት አልሰማንም፤ ብዙ አወራት። አንዴ ሁለቱም ሳቁ። አንዴ እሷ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። መንገሻ ወደ ሌላ በኩል ዞሮ የመኪናውን መስታወት ማጽዳት ጀመረ።

ስድስት ሰዓት ሞላ። ፀሐይ አናታችን ላይ ናት፤ ሁለት ሙሉ ሰዓት አርፍደናል። ወረድንና ደወሉን ነካሁ። በሩ ወዲያው አልተከፈተም። ኮቴው እየተንቀራፈፈ ሲመጣ ሰማነው። ከፈተ፤ ሽበቱ ላይ ሐምራዊ አበባ እንደተነጠፈ ነው፣ ክንዱ ላይ ሰዓት የለም። ከኋላው ዩኮ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ትስቃለች።

ሚስተር ሞሪታ ሦስታችንንም በየተራ አየን፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳንና በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ "ግቡ፣ ልጃችሁ ናት" አለን።

ከዚያ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አይቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ቶሎ መጣችሁ" አለኝ።